ደምቢያ ለሁለት ተከፍላ የሕዝብ ቁጥሯ የቱ ነው?

የአዘዞው፦ ሰላም ጎንደሬዎች። ጎርጎራ ላይ ወፍጮ ልተክል አስቤ ለብድር ማመልከቻ የወረዳው ሕዝብ ብዛት ተጠየቅሁ። ያገኘሁት ሁሉ ደምቢያን አንድ አድርጎ 271,053 ይላል። አሁን ግን ምሥራቅና ምዕራብ ናት። የቱን ልጻፍ?

የጣና ዳር ልጅ፦ ወንድሜ፣ ያ የ1999ኙ ቆጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ አዲስ የምታየው ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። ያኔ ዞኑም ሰሜን ጎንደር ነበር፣ ዛሬ ማዕከላዊ ጎንደር ነው።

የቆላ ድባዋ፦ ጎርጎራ የምዕራብ ደምቢያ ናት፤ ዋና ከተማዋ ጯሂት። የእኛ ቆላ ድባ የምሥራቁ ነው። አደራ፣ ድሮውን ቁጥር ለሁለት አካፍለህ እንዳትጽፍ! ጯሂት ሄደህ የቀበሌዎቹን ዝርዝር ጠይቅና ደምር። ደግሞ ለወፍጮ የወረዳው ድምር ምን ያደርግልሃል? እህል ተሸክሞ የሚመጣው የቅርብ ጎጥ ሰው ነው። እሱን ቁጠር።

የአዘዞው፦ እናመሰግናለን እህቴ። ባንኩ ግን ጎጥ የሚባል ነገር ቅጹ ላይ የለውም።

የቆላ ድባዋ፦ እንግዲያው ቀበሌውን ጻፍ፤ ጎጡን በአባሪ።