ልጄ በአንድ ዓመት ሁለቴ ተሰበረ፤ ምን ላድርግ?

እባካችሁ እርዱኝ። ልጄ 8 ዓመቱ ነው። አምና ከአልጋ ወድቆ ግራ ክንዱ ተሰበረ። አሁን ደግሞ ሲሮጥ ተደናቅፎ ቀኙ። ማታ ማታ ጣቱን በጀሶው ጠርዝ እያስገባ ለማከክ ሲታገል ሳየው አንጀቴ ይላወሳል።

ሐኪሙ «ልጅ ነው፣ ቶሎ ይጠግናል» ብሎ ሸኘን። መጠገኑንስ ይጠግናል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ለምን እንዲህ በቀላሉ እንደሚሰበር ነው።

ወተት ወደ አፉ አያስጠጋም። እርጎም ቢሆን ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ይገፋዋል። በዚህ ዕድሜ በቀን 1000 ሚሊግራም ካልሲየም ይመከራል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት የሚሰጠው 300 ገደማ ነው። ታዲያ ያለ ወተት በምን ልሙላው? ያለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ካልሲየሙ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ልጄ ፀሐይ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው።

የቫይታሚን ዲ ኪኒን ገዝቼ ልጀምርለት ነበር። ሲበዛ ኩላሊት እንደሚጎዳ ሳነብ ግን ፈርቼ ተውኩት።

መጀመሪያ የደም ምርመራ ይታዘዝለት ብዬ ልጠይቅ? የአጥንት ጥንካሬ ምርመራስ ለዚህ ዕድሜ ይደረጋል? ወተት እምቢ ያለ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ምን እየሰጣችሁ ተወጣችሁት?