ስፒድዌይ፦ የ1970ዎቹ የብሪታንያ ሊግ ወይስ የዛሬው የፖላንድ ሊግ?

ባለሞተሩ (ለንደን)፦
የትናንቱን ጭቅጭቅ ወደዚህ አመጣሁት። ጋሽ ቤልቪው «የዛሬው የፖላንድ ሊግ የድሮውን የብሪታንያ ሊግ የጫማ ጠፍር አይፈታም» ብለው ግሩፑን አመሱት። እንግዲህ እንከራከር።

ለማያውቅ፦ ስፒድዌይ ማለት አራት ሞተር፣ አራት ዙር፣ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነ የአፈር ሜዳ ነው። ሞተሩ 500 ሲሲ ነው። ማርሹ አንድ ብቻ፣ ፍሬን የለውም፣ የሚጠጣው ሜታኖል ነው። ኩርባው ላይ የኋላ ጎማውን እያንሸራተቱ ይታጠፋሉ። አንዷ ሂት (አንዱ የአራት ዙር ሽቅድምድም) አንድ ደቂቃ ገደማ ነች። አንደኛ 3 ነጥብ፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1፤ የመጨረሻው ባዶ እጁን ይገባል። ሁለት ክለብ ሲገጥም ከየክለቡ ሁለት ሁለት ነጂ ይሰለፋል።

ዓመቶቹ በፈረንጅ ይሁኑ። ስድብ የለም።

ጋሽ ቤልቪው (ማንቸስተር)፦
ያልኩትን አልክድም። እዚህ የመጣሁት በ1980 ነው። አብሮኝ የሚሠራ ሰው አንድ ቅዳሜ ማታ ሃይድ ሮድ ወሰደኝ፤ የቤልቪው ክለብ የድሮ ሜዳ። ኩርባው አጠገብ ቆምን። ሞተሮቹ ሲያልፉ አፈሩ ፊቴን መታኝ፤ ሻዬ ውስጥ ሳይቀር ገባ። ደግሞ ሽታው! የጉሎ ዘይት ነው፤ ሞተሩን የሚያለሰልሱት በእሱ ነበር። እናቴ በጉሎ ምጣድ ስታሟሽ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ማንቸስተር ድረስ መጥቶ ጠበቀኝ። በ1987 ሜዳው እስኪዘጋ ብዙም አልቀረሁም።

ወደ ነገሩ ልመለስ። በ70ዎቹ የዓለም ምርጥ ነጂ የት ይገኛል ብትል መልሱ ብሪታንያ ነው። አይቫን ሜጀር ከኒውዚላንድ መጥቶ ለቤልቪው ጋለበ፤ ክለቡ በ1970፣ በ1971 እና በ1972 ዋንጫውን ተከታትሎ በላ። ከዚያ ኤክስተር ገባ፤ በ1974 እዚያም ወሰደ። ኦሌ ኦልሰን ከዴንማርክ፣ አንደሽ ሚካኔክ ከስዊድን፣ የራሳችን ፒተር ኮሊንስ። በየሳምንቱ አንድ አንበሳ ይመጣብሃል። ደግሞ አንዱ ክለብ ሁሉንም እንዳይጠቀልል ነጂ በየክለቡ ይደለደል ነበር። ዛሬ ያ የት አለ? ብር ያለው ይገዛል፤ አለቀ።

ቁጥር ወዳጅ (ዋርሶ)፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሽታ ማስረጃ አይሆንም።

ሂሳቡን እንሥራው። የብሪታንያ ሊግ በ1965 ሲመሠረት 18 ክለብ ነበረው። በሰባት ሰባት ነጂ 126 ወንበር ነው። ኤክስትራሊጋ፣ ማለትም የፖላንድ አንደኛ ሊግ፣ 8 ክለብ ነው፤ በሰባት ሲባዛ 56። 126 ወንበር የሚሞላ አንደኛ ደረጃ ነጂ በየትኛውም ዘመን አልተፈጠረም። ከላይ ሜጀር አለ፤ ከታች ግን ቀን ጋራዥ ውሎ ማታ የሚጋልብ ሰው አለ። የሊግ ደረጃ የሚለካው በኮከቡ ሳይሆን በሰባተኛው ሰው ነው።

ሁለተኛ ነገር። «የዓለም ምርጥ ሁሉ» ሲሉ ፖላንዶቹን ረስተዋል። ያኔ አገሩ ዝግ ነበር። እንደ ዜኖን ፕሌህና ኤድዋርድ ያንጻሽ ያሉ ጥቂቶች ናቸው ተፈቅዶላቸው እንግሊዝ የጋለቡት። በ1973 ግን የዓለም ፍጻሜ ፖላንድ ውስጥ ሆዡፍ ላይ ሲደረግ ያሸነፈው ዬዢ ሽቻክዬል ነው። ከሜጀር ጋር እኩል ነጥብ አመጡ፤ በመለያው ሂት ሜጀር ወደቀ።

ጋሽ ቤልቪው፦
ልጄ፣ እሱ የአንድ ማታ ነገር ነው፤ ያውም በገዛ አገሩ ሜዳ። ሊግ እኮ የዓመት ነው።

ሯጩ (አዲስ አበባ)፦
ይቅርታ፣ እኔ ሞተር አላውቅም። ግን ለምን ሰዓት አታዩም? አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ 2:15:16 ሮጠ፤ ቀነኒሳ በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41። ማን ፈጣን እንደሆነ ሰዓቱ ይናገራል። ክርክር ምን ያደርጋል?

የስሜደርናዋ (ኤስኪልስቱና)፦
ወንድሜ፣ እዚህ ሰዓት ይዋሻል። እኔ በጋ ላይ ማክሰኞ ማክሰኞ የከተማችንን ክለብ ስሜደርናን አያለሁ። አንድ ማታ ላይ እንኳ የመጀመሪያዋ ሂት እና የመጨረሻዋ አንድ አይደሉም። አፈሩ ወደ ውጭ እየተገፋ ይቆለላል፣ ውሃ ይረጩታል፣ ይጠቀጥቁታል። የየሜዳው ርዝመት ሌላ፣ ኩርባው ሌላ። ሞተሩም ተለውጧል። በ70ዎቹ አጋማሽ ዌስሌክ የሚባል ባለ አራት ቫልቭ መጣ፤ ኮሊንስ በ1976 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በእሱ ነው። ዛሬ ደግሞ ሞተሩ ተጋድሞ ነው የሚገጠመው። አበበስ ቢሆን በባዶ እግሩ ነው የሮጠው፤ ቀነኒሳ ምን ዓይነት ጫማ አድርጎ እንደነበር አይተሃል?

ለጋሼ ግን አንድ ነገር አለኝ። በ1974 ስዊድኖች ከብሪታንያ ሊግ ታግደው ነበር። የዚያን ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ማን ሆነ? ሚካኔክ፤ ያውም 15 ከ15 ነጥብ። «የዓለም ምርጥ ሁሉ ያለበት» የሚሉት ሊግ በዚያ ዓመት የዓለም ሻምፒዮኑ አልነበረበትም።

ቁጥር ወዳጅ፦
እሰይ! ሌላ ልጨምር። እንግሊዞች የነጂን አማካይ ሲያወጡ ነጥቡን ለሂቱ ብዛት አካፍለው በአራት ያባዛሉ፤ ጣሪያው 12 ነው። ፖላንድ ማባዛት የለም፤ ጣሪያው 3 ነው። ሜጀር ከ11 በላይ ያመጣባቸው ዓመታት አሉ። የዛሬው የፖላንድ ኮከብ ባርቶሽ ዝማርዝሊክ የዓለም ዋንጫን ስድስት ጊዜ ወስዶ ከሜጀርና ከቶኒ ሪካርድሰን ጋር እኩል ሆኗል፤ ፖላንድ ውስጥ ግን አማካዩ 2.5 አካባቢ ነው። በአራት ሲባዛ 10። ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው 11 የማይደርሰው ለምንድነው? ከጎኑ የሚሰለፉት ስለማይለቁት ነው።

ጋሽ ቤልቪው፦
ወይ ደግሞ ሜጀር ስለሚበልጥ ነው። ቁጥሩ ሁለቱንም ይሸከማል።

ሰባተኛው ሰው ካላችሁ ግን እሺ፣ ሰባተኛውን እንይ። በፖላንድ ሕግ እያንዳንዱ ክለብ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ሁለት የአገር ልጆች ማሰለፍ አለበት አይደል? ሁለተኛዋ ሂት የእነሱ ብቻ ናት። በዓለም ምርጥ በምትሉት ሊግ ከ15ቱ ሂት አንዷ የአራት ልጆች ናት! ከዚያ ስንት ጨዋታ ነው የሚጫወቱት? መደበኛው 14። የእኛዎቹ በሊግ ብቻ 34 ያህል ነበር፤ ዋንጫው፣ የዓለም ማጣሪያው ሳይቆጠር። ዛሬ ኤክስተር፣ ነገ ሃል፣ ቅዳሜ ማንቸስተር፤ ሞተሩን ቫን ላይ ጭኖ ሌሊቱን ሲነዳ የሚያድር ሰው።

የስሜደርናዋ፦
ጋሼ፣ ዝማርዝሊክም እኮ ጎዡፍ ክለብ ውስጥ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበር። ለልጅነቱ ቦታ ባይሰጡት ኖሮ ዛሬ የት እናየው ነበር?

ጉዞውንም ቢሆን የዛሬዎቹ አልተገላገሉትም። ማክሰኞ እኔ የማየው ሰው በሳምንቱ መጨረሻ ፖላንድ ነው። ጨዋታው ባነሰ የአውሮፕላን ማረፊያው ወንበር በዛበት።

ለእኔ ከሁለታችሁም የሚሻለው የጋሼ የድልድል ነገር ነው። የሉብሊን ክለብ የፖላንድን ዋንጫ 2022፣ 2023፣ 2024 ተከታትሎ ወሰደ። ዝማርዝሊክን ከጎዡፍ የወሰደውም እሱ ነው። ነጂዎቹ ከበዱ፤ ሊጉ ግን አንዳንዴ መጨረሻው ቀድሞ ይታወቃል።

ቁጥር ወዳጅ፦
ቤልቪውም ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ወሰደ ተብሏል፤ ያውም እየተደለደለ።

ባለሞተሩ፦
ይህቺ ጥሩ ነች።

እኔ ያለሁበትን ልናገር። ከተማዬ በ1981 ዌምብሌይ ላይ ብሩስ ፔንሃል የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ከ90 ሺህ በላይ ሰው ያየባት ናት። ዛሬ ለንደን ውስጥ አንድ ሜዳ የለም። ስፒድዌይ ለማየት ከከተማ ልወጣ ነው። የእንግሊዝ ምርጦቹ ዳን ቢውሊና ሮበርት ላምበርት ደህናውን ገንዘብ የሚያገኙት ፖላንድ ነው፤ አንዱ ቭሮትስዋፍ፣ ሌላው ቶሩን። የዛሬው ፖላንድ ከዛሬው ብሪታንያ ጋር ሲነጻጸር ክርክር እንኳ የለውም። ከድሮው ጋር ግን እኔ አልወሰንኩም።

ጋሽ ቤልቪው፦
56ቱን ልቀበል። የታችኛው ሰው ዛሬ ይሻላል፤ ያየሁትን አልዋሽም፣ ሃይድ ሮድም አራተኛ ሆኖ ለመግባት የሚጋልብ ሰው ነበር። ከላይ ያሉትን ግን አልለውጥም።

የ1974ቱን እገዳ አልሰማሁም ነበር። ያን ዓመት እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ የምንከራከረው ሌላ ነገር ነበር።