የቤንዚን ዋጋ መንግሥት ይወስን ወይስ ማደያዎች ይወዳደሩ?

የቤት መኪና፦ ጥያቄዬ አጭር ነው። የቤንዚን ዋጋ የሚነገረን ከንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ማደያው በተነገረው ይሸጣል፣ እኛም እንከፍላለን። ወረቀት ላይ ሸማቹ ተጠብቋል። ታዲያ ዋጋ ሊከለስ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ማደያው ለምን ገመድ ይስባል? በመስከረም 2017 መጨረሻ ሊትሩ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ገባ። ሦስት ወር ቆይቶ 101 ብር ከ47 ሆነ። ጉድጓዱ ውስጥ 20 ሺህ ሊትር የያዘ ማደያ አስቡ። የተረፈውን ነዳጅ ቆጥሮ የሚመዘግብበት ከሌለ በአንድ ሌሊት 206 ሺህ 600 ብር ትርፍ ነው። ሳይቀዳ፣ ሳይሸጥ። ዋጋውን ለቀቅ አድርገን ቢወዳደሩ፣ ቅናሽም ቢያወጡ አይሻልም?

ባለሚኒባስ፦ ወንድሜ፣ በምን ይወዳደሩ? ነዳጁን ከውጭ የሚያስገባልን የነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። ማደያዎቹ የሚቀዱት ከዚያው ነው። ሰልፍ ባለበት አገር ዋጋ የሚቀንስ ነጋዴ አይተህ ታውቃለህ? ቢለቀቅ ዛሬውኑ ይሰቅሉታል። ቅናሽ ካልክ ደግሞ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ አለ። ተመዝግቦ ስምሪት ላይ ያለ የሕዝብ ትራንስፖርት በድጎማ ነው የሚቀዳው። ታርጋው ቴሌብር ላይ ይገባል፣ ልዩነቱ ይያዝለታል።

የቤት መኪና፦ ድጎማው እኮ ለተሳፋሪው ነው፤ አንተ መንገዱ ነህ። ማታ መገናኛ ላይ ታፔላ አንስቶ እጥፍ የሚጠይቀው ታክሲ በቅናሽ የቀዳው አይደለም እንዴ? በድጎማ ቀድቶ ከሰፈር ወጣ ብሎ የሚገለብጠውስ?

ባለሚኒባስ፦ አለ፣ አልክድም። ግን ግማሽ ቀን ሰልፍ ላይ የዋለ ሹፌር የቀረውን ግማሽ ቀን በምን ይሸፍን? ድጎማውም እየተቀነሰ ነው የመጣው።

ክፍለ ሀገር፦ እናንተ አዲስ አበባ ሆናችሁ ስለ ታሪፍ ታወራላችሁ። እኔ ያለሁበት ከተማ ማደያው ደረቅ ነው። ከአጥሩ ሥር ግን በሃይላንድ ተሰልፎ ይሸጣል። ዋጋው ሚኒስቴሩ ካወጣው ጋር አይተዋወቅም። ደረሰኝ የለ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅ። የእኛን ዋጋ ገበያው ከለቀቀው ቆይቷል፣ ለመረጃ ያህል።

ከቨርጂኒያ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ነፃ ገበያ ለምትሉት እዚህ ያለውን ልንገራችሁ። የምሠራው በኡበር ስለሆነ ማደያ አይቀረኝም። መንገድ ዳር ያለው ትልቁ ሰሌዳ ዋጋ ይጽፋል። ገብተህ ካርድ ስታስገባ በጋሎን 10 ሳንቲም፣ አንዳንዱ ጋ ከዚያም በላይ ይጨምራል። የተጻፈው ለካሽ ነበረ። «የካሽ» የምትለዋ ፊደል ከሥር ናት፣ በ60 ማይል ስታልፍ አትታይም። ሕጋዊ ነው። ካሽ ለከፈለ ቅናሽ መስጠትን የፌዴራሉ ሕግ ይፈቅዳል፣ በፈረንጅ 1981 ደግሞ ይበልጥ ተለቀቀ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄ ለካርድ የተጨመረ ዋጋ ነው፣ ስሙን ቅናሽ ብለውት እንጂ። ሌላም አለ። በዴቢት ካርድ ስትቀዳ ገና የመቅጃውን ጎማ ሳታነሳ እስከ 175 ዶላር ሊያግዱብህ ይችላሉ። የቀዳኸው የ30 ቢሆንም እስኪለቀቅ ትጠብቃለህ። የቤት ኪራይ ቀን ከሆነ አለቀልህ።
አንድ የምወደው ነገር ግን አለ። ፓምፑ ላይ የመርማሪ ስቲከር ይለጠፋል። መለኪያውን የሚፈትሸው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የግዛቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ነው።

የማደያ ልጅ፦ እኔ ቀጂ ነኝ። የሚሰደበው እኔ ስለሆንኩ ልናገር። ባለማደያው በሊትር የሚያገኘው ትርፍ ተወስኖለታል። ከዚያ ላይ ደሞዝ፣ መብራት፣ የሚተነው ነዳጅ አለ። ይሄ መደበቅን ትክክል አያደርገውም። ግን ሁላችሁም የምትከራከሩት ሰሌዳው ላይ ባለው ቁጥር ነው። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት ጉድጓዱ በመለኪያ ዘንግ ይለካል። ዘንጉ ይገባል፣ እርጥብ የሆነበት ላይ ይነበባል፣ ደብተር ላይ ይጻፋል። «የለም» የሚል ካርቶን የተሰቀለ ቀንም ይጻፋል። ያንን ደብተር የሚያይ ሰው ቢኖር ካርቶኑ ባልተሰቀለ። ደግሞ እባካችሁ ስልካችሁን ትታችሁ ቆጣሪው ከዜሮ መነሳቱን እዩ። ከፊታችሁ ከተቀዳው ላይ የሚቀጥል ተንኮለኛ አለ።

የሕግ ሰው፦ የማደያው ልጅ ዋናውን ነገር ነካው። ሕግ አልጠፋም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ዋጋ እንዲለጠፍ፣ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል፣ ሸቀጥ መደበቅንም ይከለክላል። በ2017 ደግሞ ለነዳጅ ግብይት ለብቻው አዋጅ ወጣ፣ ቅጣቱም ጠንከር ብሏል። ግን ማስረጃው ያለው ከሳሹ ጋ ሳይሆን ተከሳሹ ደብተር ውስጥ ነው። ለሦስት ሊትር ብሎ ሥራ ፈቶ የሚከስም የለም። ጀርመን በፈረንጅ ከ2013 ጀምሮ ማደያዎች ዋጋ በቀየሩ ቁጥር ለውድድር መሥሪያ ቤቱ ወዲያው ያሳውቃሉ። ሾፌሩ በስልኩ አፕ ያየዋል። እኛ ዋጋው አንድ ስለሆነ ዋጋ ማሳወቅ ትርጉም የለውም። የሚያስፈልገን ክምችት ማሳወቅ ነው። ክፍያው በቴሌብርና በመሰሎቹ ከሆነ ስንት እንደተሸጠ ይታወቃል። ቦቴው ስንት እንዳራገፈም ይታወቃል። መቀነስ ብቻ ነው የቀረው። የተረፈው ሊትር በየማደያው በር ይለጠፍ።

የቤት መኪና፦ ይሄ ከሆነ የዋጋውን ነገር ለጊዜው ልተወው እችላለሁ። ክለሳ በሚነገርበት ዋዜማ ምሽት በተለይ።

ክፍለ ሀገር፦ ከአጥሩ ሥር ያለው ሃይላንድስ ከየትኛው ደብተር ይቀነሳል?

የሕግ ሰው፦ ከዚያው። የወጣው ሊትር የማን ታርጋ ውስጥ ገባ የሚለው ይጠየቃል።

ባለሚኒባስ፦ እሺ፣ 8 ሺህ ሊትር አለ ብላችሁ ለጠፋችሁ። የከተማው መኪና ሁሉ እዚያ ማደያ ላይ ይወርዳል። አስባችሁታል?

የሕግ ሰው፦ ይውረድ። ቢያንስ ባዶ ማደያ ፊት የሚያድር አይኖርም።

የማደያ ልጅ፦ ጥሩ። ሌሊት ስምንት ሰዓት የሚወርድብኝን ሕዝብ ስቀዳ የትርፍ ሰዓቱን ማን ነው የሚከፍለኝ?