አራተኛ ፎቅ ላይ ጎተራ ይኖራል?

ጠያቂ፦ የሦስት ልጆች አባት

ጤና ይስጥልኝ። አምስት ቤተሰብ ነን፤ የምንኖረው የካ አባዶ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መንገድ ቢዘጋ፣ ደመወዝ ቢዘገይ ወይም የአንዳችን ሥራ ቢቀር ቤተሰቡ ሦስት ወር የሚበላው እህል ከእጃችን እንዲኖር እፈልጋለሁ። ያደግሁት ጎተራ ካለበት ግቢ ነው። አባቴ የጎተራውን አፍ በጭቃ መርጎ ሲጨርስ እጁን እያራገፈ «እንግዲህ ክረምት ከፈለገ ይምጣ» ይል ነበር። እኔ ግቢ የለኝም፤ ያለኝ በረንዳ ነው፣ እሱም ልብስ የሚሰጣበት።

አምና በጥር አንድ ኩንታል ሰርገኛ ጤፍና 50 ኪሎ ሽምብራ ገዛሁ። ተሸክሞ ያወጣው ልጅ በየፎቁ ሲያርፍ እኔም አብሬው አረፍሁ። ጤፉ ምንም አልሆነ። ሽምብራውን ሰኔ ላይ ስፈታው ግን ማዳበሪያው ውስጥ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል። ባለቤቴ አንድ እፍኝ ዘግና አየችና «በሐዋርያት ጾም ሥጋ ልታበላን ነው?» አለች። ቀደም ብለን ያስፈጨነው 20 ኪሎ ሽሮም ከሥሩ ሻግቶ ተደፋ።

ጓደኛዬ ነጋዴዎች የሚጠቀሙበትን የነቀዝ ክኒን ሁለት ፍሬ ጣል አድርግበት ይለኛል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ አሜሪካውያን ሩዝ በባልዲ ሞልተው፣ አየሩን የሚመጥ ትንሽ ከረጢት ጨምረው «25 ዓመት ይቆያል» ሲሉ አያለሁ። የቱን ልስማ? ለሦስት ወርስ ስንት ይበቃል?

መልስ፦ ጡረተኛው የእህል ነጋዴ

ልጄ፣ ክኒኑን እርሳው። ሌላውን ባታነብ እንኳ ይህችን አንብብ። እህል በረንዳ 31 ዓመት ስነግድ ያን ክኒን አውቀዋለሁ፤ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው፤ የተኛ ሰውም አይምርም። የሚሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ ሰው ወጥቶ፣ እህሉ ለቀናት ታሽጎ ነው። ልጆች በሚተኙበት፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ በምትጋራበት ቤት አንድ ፍሬም አይግባ።

ወደ ሽምብራህ ልመለስ። ነቀዙ አንተ ቤት አልተፈጠረም፤ ከመጣበት አብሮት መጥቷል። ስትገዛ አንድ እፍኝ ወስደህ ወደ ብርሃን አውጣው። ፍሬው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጠብጣብ ካየህ እንቁላሉ ናት። ክብ ቀዳዳ ካለው ደግሞ አንዱ በልቶ ወጥቷል፤ ያን ሽምብራ ለሻጩ ተውለት።

ምንጃር ሳለን እናቴ ሽምብራን ለብቻው አስቀምጣ አታውቅም። ከጤፍ ጋር ቀላቅላ ጎታ ውስጥ ትከተዋለች። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ በሽምብራው መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል፤ ነቀዝ መላወሻ ያጣል። ጤፍን ራሱን ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። ስትፈልግ በወንፊት ትነፋዋለች፦ ጤፉ ይወርዳል፣ ሽምብራው ይቀራል። አንተ መድኃኒቱንና በሽተኛውን በአንድ ቀን ገዝተህ፣ ጎን ለጎን አቁመህ ነው የከሰርኸው!

ስንት ይበቃል ላልኸው፣ የእርዳታ እህል ሲሰፈር ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው። ለአምስት ሰው፣ ለሦስት ወር 225 ኪሎ ይሆናል፤ ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ ይተርፍሃል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደግሞ ሽምብራ ሲሞላ 15 ኪሎ ግድም ይይዛል። ስለዚህ አንድ ጀሪካን የአንድ ሰው የወር ቀለብ ነው ብለህ ያዝ። ያንተ 15 ጀሪካን ነው፤ አጋድመህ ከአልጋ ሥር ደርድረው። ከሲሚንቶው ጋር እንዳይገናኝ ከሥሩ ጣውላ አድርግ። እስከ አንገቱ ሙላው፣ ክዳኑን አጥብቅ። ውስጡ የቀረ ነቀዝ ያለችውን አየር ጨርሶ ይሞታል። አሁን ገበሬው የሚጠቀምበት ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ የነገርኸን የአሜሪካኖቹ ባልዲም እንዲሁ። ነገር ግን ትልቁን ከረጢት በየሳምንቱ ከፈታኸው አየር ይገባል፤ ጀሪካን ግን አንዱን ጨርሰህ ሌላውን ነው የምትከፍተው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው እህሉ ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው። እርጥብ እህል ካሸግህ የምታገኘው ሻጋታ ነው። ደረቅ ጠርሙስ ውሰድ፤ ሲሶውን እህል አድርግ፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ የደረቀ ጨው ጨምርና ደህና አድርገህ ነቅንቀው። ጨው ብርጭቆው ላይ ከተለጠፈ እህልህ ገና ፀሐይ ይፈልጋል።

ዱቄት አታከማች። ሽሮህ የሻገተው ለዚህ ነው፤ እህል ሲፈጭ ልብሱን ያወልቃል። ሽምብራውን በፍሬው፣ በርበሬውን በዛላው አስቀምጥና የወሩን ብቻ አስፈጭ። ሽምብራውም ቢሆን ዓመታት ሲቆይ እሳት ይፈጃል እንጂ አይበስልም፤ በየዓመቱ በጥር አሮጌውን ብላ፣ አዲሱን ተካ።

መልስ፦ ከሳሪስ

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ብሩን ባንክ አስቀምጠው፣ ስትቸገር ትገዛለህ። ደግሞስ ሁላችንም ሦስት ሦስት ወር ብንገዛ ለሌላው ምን ይቀራል?

መልስ፦ ጡረተኛው የእህል ነጋዴ

በጥር፣ ገበያው ሞልቶ ገበሬው ገዢ ሲፈልግ የገዛ ሰው ማንንም አልቀማም። ገበያ የሚያስወድደው ወሬ ሰምቶ በማግስቱ የሚሮጠው ነው። 31 ዓመት ያየሁት እሱን ነው፤ ደግሞ ሁልጊዜ ውዱን የሚገዛ እሱ ነው።

መልስ፦ የቸሃዋ

አባባ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ሁላችሁም ስለ እህል ብቻ ታወራላችሁ። በምን ታበስሉታላችሁ? ወንድሜ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምጣድህ የኤሌክትሪክ ነው። እኛ ሰፈር ትራንስፎርመር ተቃጥሎ 11 ቀን ጨለማ ውስጥ ስንቀመጥ አንድ ኩንታል ጤፍ ቤቴ ነበረ፤ እንደ ወንበር ተቀመጥሁበት። ያበላኝ በሶ ነው። በውኃና በጨው በጥብጠህ ትጠጣዋለህ፣ ወይም ጨብጠህ ትበላዋለህ፤ እሳት አይፈልግም። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ በሶን ከዱቄት እገዳው ውስጥ አወጣዋለሁ፣ አባባ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከሁለት ወር በላይ ግን አላቆየውም።

ድርቆሽም አድርግ። የተረፈ እንጀራህን ቆራርሰህ ፀሐይ ላይ አስጣው። ስትይዘው ከታጠፈ አልደረቀም፤ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ቆሎ አይጠፋ። ጭኮ እወዳለሁ፤ ነገር ግን ቅቤ አለበትና ችግሩ በዐቢይ ጾም ከመጣ ባለቤትህ እንደገና ትስቅብሃለች። እናቴ ቸሃ ውስጥ ቆጮን ከሁለት ዓመት በኋላ ከጉድጓድ አውጥታ ትጋግራለች፤ ለአራተኛ ፎቅ ግን ምን ልበልህ፣ ጉድጓድ ተሸክሞ የሚወጣ ልጅ አታገኝም።

ከጀሪካኖችህ ጥቂቱ የውኃ ይሁን። በሶውም ያለ ውኃ አይወርድም።

ጠያቂው፦ የሦስት ልጆች አባት

አባባ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክኒኑን ለጓደኛዬ መለስሁለት፤ ተኮራርፈናል። ትናንት አዲስ ሽምብራ ገዝቼ የጨው ፈተናውን አደረግሁ። ጠርሙሱ ነጭ ሆነ! ሻጩ «ደረቅ ነው» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ዛሬ ጣሪያው ላይ ሸራ ዘርግተን አሰጣነው፤ መካከለኛው ልጄ ዱላ ይዞ ከጠዋት ጀምሮ እርግቦች ያባርራል፣ ትምህርት ቤት እንዲህ በደስታ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ከጎረቤት ያገኘኋቸው ስድስት ጀሪካኖች ዘይት የነበረባቸው ናቸው። በፈላ ውኃና በሳሙና ባጥባቸው ይሆናሉ?

መልስ፦ ጡረተኛው የእህል ነጋዴ

እጠባቸው፣ ክዳናቸውን ከፍተህ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ተዋቸው፣ ከዚያ ዘግተህ አሳድራቸውና ጠዋት ከፍተህ አሽትት። የከረመ ዘይት ከሸተተህ ለእህል አይሆንም፤ ሽታው ወደ ጤፍህ ይገባል። ለባለቤትህም አሽትትላት፤ የሷ አፍንጫ ካንተ ይሻላል ብዬ እገምታለሁ።