ኦማን፣ ራስ አል ጂንዝ ባሕር ዳርቻ ኤሊ ለማየት የሄደ አለ?

ሰላም ወገን፣ ሙስካት ነው የምሠራው። ሁለት ቀን ዕረፍት አለኝና የባሕር ኤሊዎች ማታ እንቁላል ሲጥሉ ማየት አማረኝ። መቼ ይሻላል?

— እህቴ፣ ዓመቱን ሙሉ ይወጣሉ፣ በብዛት ግን በሙቀቱ ወራት ነው። ያለ አስጎብኚ ማታ አያስገቡም፣ ቀድመሽ ቦታ ያዢ። እኔ ያየኋት ጉድጓዷን ቆፍራ፣ ወደ 100 የሚጠጋ እንቁላል ጥላ፣ አሸዋውን ስትመልስ ፊታችን ላይ በተነችው፣ ሳቃችንን አፍነን ሞትን!

— ስልክሽን አጥፊው በናትሽ። ብርሃን ካየች ሳትጥል ትመለሳለች። ጫጩቶቹም መብራት ተከትለው ባሕሩን ይስታሉ።

— ማታ ካልቀናሽ ንጋት ላይ ሞክሪ፣ ዘግይታ የምትመለስ አትጠፋም።

— ተባረኩ! ጃኬት ያስፈልጋል?

— በዚህ ሙቀት? ውኃ ያዢ ባክሽ።