የእማዬ ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ይሰነጠቃል፤ ጥቁር አፈር ላይ ነው፣ ምን ይሻለናል?

የሰሚት ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ሰሚት አካባቢ ነው። ቪላ ነው፣ ከኋላው ሦስት ክፍል ሰርቪስ አለው። የተሠራው በ2001 ዓ.ም. ነው። አፈሩ ያ የምታውቁት ጥቁሩ ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ ይዞ የሚያስቀር፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ።

መጀመሪያ ከሳሎኑ መስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ ቀጭን መስመር ነበር። ለሰንነው፣ ቀለም ቀባነው፣ በዓመቱ እዚያው ቦታ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ሳንቲም ያስገባል። የመኝታ ቤቱ በር ሐምሌና ነሐሴ ላይ አልዘጋ ይላል፣ የካቲት ላይ ምንም እንዳልነበረ ይገጥማል። የሳሎኑ ወለል መሃሉ ላይ አብጦ ሁለት ሴራሚክ ተነቅሏል። ሰርቪሱማ ከዋናው ቤት ብሷል። አጥሩም በሩ አጠገብ ለሁለት ተከፍሏል።

አንድ ባለሙያ አይቶ፣ ልስኑን በሙሉ አራግፎ በሽቦ እንደገና ለመለሰን 180 ሺህ ብር ጠየቀን። ሌላው መሠረቱ ተቆፍሮ ኮንክሪት ይጨመርበት አለ። እማዬ ጡረታ ወጥታለች፤ የምትተዳደረው በሰርቪሱ ኪራይ ነው። ያለንን አንዴ ካወጣን ሌላ የለንም። ቤቱ ይወድቅብናል ብላ ሌሊት እንቅልፍ አጥታለች። የቱን እንስማ?

መሐንዲስ ከኮተቤ፦

ወንድሜ፣ አሁን ሁለቱንም አትስማ። ልስኑ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ከሥር ያለው ሳይቆም ብትለስን በሚቀጥለው ክረምት ያው ነው።

ለእናትህም እንዲህ በላቸው። የነገርከን ዓይነት ስንጥቅ፣ ከወቅቱ ጋር የሚከፈትና የሚዘጋው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤት በድንገት የሚጥል አይደለም። ግን ግድግዳ ካዘነበለ፣ ኮለን (ምሰሶው) ወይም ቢም (አግዳሚው ተሸካሚ) ላይ ስንጥቅ ካየህ፣ ወይም በሳምንታት ውስጥ ሲሰፋ ካስተዋልክ፣ ሰው ከዚያ ክፍል ይውጣና ስትራክቸራል መሐንዲስ በአካል መጥቶ ይየው።

ጥቁር አፈር ውስጥ ያለው ሸክላ፣ ማለትም ያ የሚያጣብቀው ደቃቅ አፈር፣ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲያብጥ ወደ ላይ የሚገፋበት ጉልበት ፎቅ የሌለውን ቤት ክብደት ሊበልጥ ይችላል። ለዚህ ነው ቀላል ቀላሉ ቀድሞ የሚጎዳው፤ አጥር፣ ሰርቪስ፣ በቀጥታ አፈር ላይ የተኛ ወለል። ቤቱ በሙሉ እኩል ቢነሳና እኩል ቢወርድ ግድግዳው ባልተሰነጠቀ። የሚሰብረው አንዱ ጥግ ረጥቦ ሌላው ደርቆ ሲቀር ነው። የሳሎኑ መሃል ያበጠው ደግሞ ከቤቱ ሥር ያለው አፈር ፀሐይም ንፋስም ስለማያገኘው፣ የገባው እርጥበት ዓመት በዓመት እዚያው ስለሚጠራቀም ነው።

ስለዚህ የምትከታተለው ውኃውን ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘህ ቤቱን ዙር። አሸንዳው የት ይጥላል? ከግድግዳው ሥር የሚቋጥር ውኃ አለ? የሚወርደውን ውኃ በቱቦ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሜትር አርቀህ ወደ ቦይ አውጣው። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይውረድ። ከዚያ ግድግዳውን ተከትሎ ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ኮንክሪት አንጥፍ፤ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ሬንጅ ሙላው፣ አለበለዚያ ውኃው በዚያው ይገባል። ማታ ቧንቧዎቹን በሙሉ ዘግተህ ቆጣሪውን እየው። ከዞረ የሚያፈስ መስመር አለህ። ሴፕቲክ ታንኩንም አስከፍተህ አሳይ።

ስለ ኮንክሪቱ፦ አንድ ጥግ ብቻ ተቆፍሮ የሚጨመረው እዚያው የሚንቀሳቀሰው አፈር ላይ ካረፈ ብር ማባከን ነው። ይባስ ብሎ በተነካውና ባልተነካው መካከል ያለውን ልዩነት ሊያሰፋው ይችላል።

የዋልካ ልጅ፦

እኔ ያደግኩት ጎጃም ነው፤ ይህን አፈር ዋልካ እንለዋለን። አባቴ ማሳው ላይ ውኃ እንዳይተኛ በየክረምቱ ፈሰስ ያወጣ ነበር። ቢሾፍቱ ቤት ስንሠራ ግን ለግቢያችን ያንን የሚያህል እንኳ አላሰብንለትም።

ስለ ዛፍ ማንም አላነሳም፣ እኔ ልጨምር። ከቤታችን ግድግዳ አራት ሜትር ላይ ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበር። በበጋ ውኃውን ይመጠዋል፣ አፈሩ ይኮማተራል፣ ያ ጥግ ይወርዳል። ሰው ቁረጡት አለን፣ ቆረጥነው። ወዲያው ስንጥቁን ሞልተን አስለሰንን። በቀጣዮቹ ሁለት ክረምቶች ግን ያው ጥግ ወደ ላይ ተነሳ! ለካ ዛፉ ለዓመታት ያደረቀው አፈር ውኃውን መልሶ እየጠጣ ነበር። ልስኑም ብሩም ሄደ። እባክህ ዛፍ ካለህ ሳታማክር አትቁረጥ፤ ከቆረጥክም ለማስለሰን አትቸኩል። አዲስ የምትተክል ከሆነ ዛፉ ሲያድግ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከቤቱ አርቀው።

ጋርላንድ ቴክሳስ፦

ዳላስ አጠገብ ነኝ። እዚህም ጥቁር ሸክላ ነው፣ የእኛ ሰው ቤት ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ስንጥቅ ነው። እዚህ የሚያስቸግረን የበጋው ሙቀት ነው። አፈሩ ከመሠረቱ ጠርዝ ተላቅቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጥራል። ስለዚህ ብዙ ሰው መሠረቱን ያጠጣል፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የውኃ ጎማ ከግድግዳው ትንሽ ርቆ ይዘረጋና ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ክፍተቱ ውስጥ በቀጥታ ውኃ ለቀቅኩበት። ስህተት ነበር፣ ውኃው ወደ ጥልቅ ወርዶ አንዱን ጎን ብቻ አሳበጠው። በበጋ እናንተም ብትሞክሩት?

መሐንዲስ ከኮተቤ፦

ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ዋናው ነገር እርጥበቱ እንዳይለዋወጥ ነው። ግን አዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ ነው። አንድ ሳምንት አጠጥቶ ሁለት ሳምንት መተው ራሱ ያንን ማበጥና መኮማተር ይፈጥራል። ለሰሚቱ ወንድማችን አልመክርም።

ገና ጀማሪ፦

ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። እኔ ለቡ ቦታ ይዣለሁ፣ መሠረት ልጀምር ነው። ጥቁሩን አስወጥቼ ቀይ አሽ (ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ብሞላበት ይበቃል?

መሐንዲስ ከኮተቤ፦

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀይ አሽ ውኃ ያሳልፋል። ዙሪያው ጥቁር ሸክላ ሆኖ መሃሉን ቀይ አሽ ብትሞላው፣ ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውኃ የሚያጠራቅም ገንዳ ይሆናል፤ ያ ውኃ ደግሞ ከሥርና ከጎን ያለውን ሸክላ ይመግበዋል። ከቆፋሪ በፊት የአፈር ምርመራ አስደርግ። ጥቁሩ ጥልቀቱ ትንሽ ከሆነ ጨርሶ ማውጣትና ጠንካራው ላይ ማረፍ ይሻላል። ጥልቅ ከሆነ መሐንዲሱ ሌላ ዲዛይን ያወጣልሃል። የምትሞላው የማያብጥ፣ ውኃ በቀላሉ የማያሳልፍ ሰለክት (ተመርጦ የሚመጣ የመሙያ አፈር) ይሁን፤ በየ20 ሴንቲ ሜትር ውፍረቱ እየተነባበረ እየተጠቀጠቀ። ቁፋሮውን ለሳምንታት ከፍተህ ፀሐይ አታስመታው። በደረቀ በተሰነጠቀ አፈር ላይ ኮንክሪት ከሞላህ ክረምት ሲገባ ያነሳዋል።

የሰሚት ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቅዳሜ ሲዘንብ ወጥቼ ዞርኩ። ሰርቪሱ ከነጭራሹ አሸንዳ የለውም፤ የጣሪያው ውኃ በሙሉ የሚወርደው በሰርቪሱና በዋናው ቤት መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነው፣ መውጫም የለውም። ሌላው ደግሞ የውኃ ታንከሩ ነው። ሌሊት ውኃ ሲመጣ ሞልቶ ይፈሳል፣ የሚፈሰው ልክ ያ የተሰነጠቀው የሳሎን ጥግ ሥር ነው። ለስንት ዓመት እንደፈሰሰ እንጃ! ተከራዮቹ ሲያዩት ቆይተዋል፣ ማንም ከስንጥቁ ጋር አላገናኘውም።

የታንከሩን መዝጊያ ትናንት አስቀየርኩ። አሸንዳውን በዚህ ሳምንት እናሰቅላለን፣ መተላለፊያው ላይ ቦይ አውጥተን ወደ ውጭ እንወስደዋለን። ኮንክሪቱ ለበጋ ይቆየን። ልስኑንም ለከርሞ ትተነዋል። እማዬ ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ መስመር አድርጋ ቀኑን ራሷ ጽፋበታለች፣ ሐምሌ 12። መስከረም ላይ ስንት እንደሄደ ለክቼ እነግራችኋለሁ።