ልጄ ሃይስኩልን ከመኝታ ቤቷ ጀመረች

ሰላም ለሁላችሁም። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ኦገስት 31፣ 2020 ዘጠነኛ ክፍል ጀመረች፤ በዙም። ማርች ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የስምንተኛ ክፍል ጓደኞቿን ሳትሰናበት ቀርታለች። የአዲሱን ትምህርት ቤት ደጃፍ እንኳ አልረገጠችም። ካሜራዋን አጥፍታ ነው የምትውለው። ትናንት ሻይ ይዤላት ስገባ መምህሩ ስሟን ጠራ። ማይኩን ከፍታ «አለሁ» አለች፤ ወዲያው ዘጋችው። እስከ ማታ ሌላ ቃል አልወጣትም። አንጀቴን በላችው። እኔ የሌሊት ሥራ ስላለኝ ቀን እተኛለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ አይዞሽ እህቴ። ካሜራውን በግድ አታስከፍቻት። የኔ ልጅ ያፈረው ከኋላው በሚታየው ተደራራቢ አልጋ ነበር። ጠረጴዛውን አዙረን ከጀርባው ባዶ ግድግዳ ብቻ ሲታይ ራሱ ከፈተው።

መልስ 2፦ እትዬ፣ እኔም ዘጠነኛ ነኝ። ሠላሳ ልጅ እያየኝ ማውራት ያስፈራኛል። እኔን የረዳኝ የስዕል ክለብ ነው። እሱም በዙም ነው፤ ግን ስምንት ልጆች ብቻ ነን። ስንስል ወሬው ራሱ ይመጣል። ትምህርት ቤቷ ክለብ ካለው ትጠይቅ።

መልስ 3፦ ለካውንስለሯ፣ ማለትም ለትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ፣ ኢሜይል ጻፊ። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው፣ አትከፍዪም።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ክለቡ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «በስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ። ኢሜይሉን ዛሬ ሥራ ሳልገባ እልካለሁ።